ሰው ላይ የምትሰፋው ሴት

ሚንግ ኮላፕ የምትሰፋው ልብስ አይደለም፣ ሰው ነው። እንዲህ ስል የሚስቅብኝ ብዙ ነው፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። የክመር፣ ማለትም የካምቦዲያ፣ የቤተ መንግሥት ዳንስ ልብስ ቁልፍም ዚፕም የለውም። ዳንሰኛዋ ክንዷን ዘርግታ ትቆማለች፤ ሚንግ ኮላፕ በድርብ ክር ከብብቷ እስከ ዳሌዋ፣ ከትከሻዋ እስከ እጇ አንጓ እላይዋ ላይ ትሰፋባታለች። ከዚያ በኋላ መቀመጥ የለም፣ መብላት የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ትርኢቱ ሲያበቃ ክሩ ተተርትሮ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ከሀ ይጀመራል።

እዚህ አሜሪካ፣ ሎውል ከተማ ያደገች የክመር ልጅ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን፣ በዚህች ሴት መርፌ ያልተዘጋች የለችም። እኔም ተዘግቻለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ግን አጉል ወፈርኩና ከዳንሱ ወጣሁ። ያኔ ሚንግ ኮላፕ ወገቤን እየዞረች፣ "ይቺን ለመዝጋት ክር አይበቃም፣ ጠፍር አምጡልኝ" ያለችውን ይዘው ዛሬ የገዛ ልጆቼ ይሳለቁብኛል። ሚንግ ማለት አክስት ማለት ነው። የሥጋ አክስቴ አይደለችም፤ እኛ ጋ ከእናት በዕድሜ የምታንስ ሴት ሁሉ አክስት ናት። አሁን ፀጉሯ ሸብቶም ያንኑ እንላታለን።

እኔ ከዳንሱ ብወጣም ከቲያትር ቤቱ አልወጣሁም፤ ቦይ ዳር ቲያትር መግቢያ ላይ ባለችው መስኮት ትኬት እሸጣለሁ። የኛ የዳንስ ቡድን እዚያ መድረክ ላይ መሥራት ከጀመረ ሃያ ዓመቱ ነው። ብቻችንን አይደለንም። የፖርቶ ሪኮ ከበሮ መቺዎች አሉ፣ የኬንያ መዘምራን አሉ፣ በጫማቸው ወለል የሚደበድቡ የአይሪሽ ጨፋሪዎች አሉ፤ ሁላችንም ምድር ቤት ባለችው አንዲት ዕቃ ቤት እንጣላለን፣ ላይ ስንወጣ እንስማማለን። ይህን ሁሉ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበችው ማርጎ የምትባለው የቲያትር ቤቱ ኃላፊ ናት።

ማርጎ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ የምነግራችሁን ሰምታችሁ እንዳትፈርዱባት። በመጀመሪያው ዓመት ከትርኢቱ በፊት ዳንሱን ላቆዩልን፣ ላለፉት መምህራን መናፍስት መሥዋዕት አቅርበን፣ ጧፍ ለኩሰን ስንጸልይ የእሳት ደወሉ ጮኸና አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ በረዶ ላይ ወጣ፤ የተሰፉት ልጆችም በባዶ እግራቸው አብረው ወጡ። ሌላ ሰው ቢሆን "ሁለተኛ እንዳትመጡብኝ" ባለን ነበር። ማርጎ ግን በዓመቱ ለዚያች ግማሽ ሰዓት ብቻ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በር ላይ አቆመችልን። ጫማ ማውለቅ ተማረች፤ እግሯን ወደ መሠዊያው አለመዘርጋት ተማረች፤ የኛን የተብላላ ዓሣ ትንፋሿን ይዛም ቢሆን በላች። እንዲህ ያለ አጋር በጧፍ ተፈልጎ አይገኝም።

ወደ ሚንግ ኮላፕ ልመለስ። ካምቦዲያ ውስጥ የባታምባንግ ልጅ ናት፣ የብርቱካን አገር። በክመር ሩዥ ዘመን፣ ያ ሥርዓት የተማረውንና የቤተ መንግሥቱን ሰው ሁሉ በፈጀበት ጊዜ፣ ቤተሰቧ እንዴት እንዳለቀ አታወራም፣ እኛም አንጠይቅም። ድንበር ተሻግራ ታይላንድ ካለው የስደተኞች ካምፕ ስትገባ የነበራት ሀብት አንዲት መርፌ ነበረች፣ አንገትጌዋ ላይ ሰክታ ያመጣቻት። እዚያ ነው ዬይ ቫናሪን ያገኘቻቸው። ዬይ አያት ማለት ነው፤ ያኔ ግን እሳቸውም ለግላጋ ሴት ነበሩ። በልጅነታቸው ቤተ መንግሥት የጨፈሩ ናቸው፤ ጣታቸው ወደ ኋላ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። ያ ጣት በዚያ ዘመን አንገት ያስቆርጥ ስለነበር እጃቸውን ጨብጠው፣ "ኑድል ሻጭ ነኝ" እያሉ ነው የተረፉት። ካምፑ ውስጥ ሴት ሕፃናት ሰብስበው በላስቲክ ጣሪያ ሥር ሲያስጨፍሩ ልብስ አልነበረም። ሚንግ ኮላፕ ከአጎበር ቁራጭና ከዱቄት ወተት መጠቅለያ ብልጭልጭ የመጀመሪያውን ልብስ ሠራች። ቁልፍ ከየት ይምጣ፣ ልጆቹ ላይ ሰፋችው። ዬይ ቫናሪ ይህን አይተው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ አሉ፤ ለካ ቤተ መንግሥትም የሚሰፋው እንደዚያው ኖሯል።

ሎውል ከገቡ በኋላ ሚንግ ኮላፕ ቀን ቀን በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ፣ ከማጉያ መነጽር ሥር ፀጉር የምታህል ሽቦ ስትበይድ ኖረች። ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ ወደ ልብሱ። ባሏ ሞተ፤ ልጅ አልወለደችም። "ልጅ የላትም የሚለኝ ማነው? ከተማውን ሙሉ ያለበስኩት እኔ!" ትላለች። ዬይ ቫናሪ ያስተምራሉ፣ እሷ ትሰፋለች። ገበያ አብረው፣ ጸሎት ቤታችን ፓጎዳ አብረው፣ ሐኪም ቤት አብረው። ሰው የአንዷን ስም ሲጠራ የሌላዋንም ካልጠራ የጎደለ ይመስለው ነበር።

ታዲያ ባለፈው ጥር በመሀላቸው ምን ገባ? ቬልክሮ ገባ። ያ ጭርር ብሎ የሚላቀቀው ተለጣፊ። አንድ ቀን ዬይ ቫናሪ ልምምድ አስቁመው፣ "ከእንግዲህ ስፌት ቀርቷል፤ ልብሱ ሁሉ በቬልክሮ ይሆናል" አሉ።

"ማነው ያለው?" አለች ሚንግ ኮላፕ።

"ቲያትር ቤቱ። በቀን ሁለቴ እንድናሳይ ይፈልጋሉ። አንቺ ስትሰፊ ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?"

"እና አንቺ እሺ አልሽ?"

"እሺ አልኩ።"

"ቤተ መንግሥት የጨፈረች ሴት! ልጆቹን እንደ ዳይፐር ልትለጣጥፊያቸው?"

"ኮላፕ፣ አበቃ አልኩሽ።"

ሚንግ ኮላፕ መርፌዋን አንገትጌዋ ላይ ሰካች። "እንግዲያው ስሚኝ። የሞትሽ ቀን አስከሬንሽ ፊት አልንበረከክም።"

እዚያ የነበርን ሁሉ ክው አልን። አስከሬን ፊት አልንበረከክም ማለት ሞተሽም ይቅር አልልሽም ማለት ነው፤ ይህ ቃል ለጠላት እንኳ አይወረወርም። ዬይ ቫናሪ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ልምምዱን ግን ቀጠሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ሚንግ ኮላፕ ግን መምጣቷን አልተወችም፤ ልብሱን ትተኩሳለች፣ የረገፈውን ዶቃ ትለቅማለች። ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመው የሚያነጋግሩኝ እኔን ነው። "ለዚያች ሴትዮ ንገሪያት፣ አንገትጌው ላልቷል" ይላሉ ዬይ ቫናሪ። "ንገሪያት፣ ቬልክሮ ነዋ፣ ምን ልትጠብቅ ኖሯል?" ትላለች ሚንግ ኮላፕ። እኔ ደግሞ በመሀል እንደ ቴሌፎን። ማርጎንማ ሚንግ ኮላፕ ዓይኗን ማየት ተወች። ማርጎ በጠዋቱ "እንደምን አደርሽ" ስትላት ግድግዳው ነው የሚመልስላት። ምስኪኗ፣ "ምን አጥፍቼ ነው?" እያለች ትጠይቀኛለች። ምን እላታለሁ? ቬልክሮውን ያመጣሽብን አንቺ አይደለሽም እንዴ ብዬ ዝም አልኳት። የሁላችንም ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ዬይ ቫናሪ ሰማንያ እየተጠጉ ነው፤ ልባቸውም ደካማ ነው። ያ የእርግማን ቃል ሳይነሣ አንድ ቀን ቢያሸልቡስ? ሚንግ ኮላፕስ እንዴት ትኖራለች?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የኛ አዲስ ዓመት ሚያዝያ ላይ ስለሆነ ጉዱም ሚያዝያ ጠብቆ መጣ።

እሑድ ከሰዓት የሃያኛ ዓመቱ ትርኢት ነበር። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ጥሎኝ ከሥራ ቀርቼ ስለነበር በዚያ መሀል ቲያትር ቤቱ ውስጥ የሆነውን አላየሁም። የተተኮሰውን ልብስ ጭኜ፣ ሚንግ ኮላፕን ከጎኔ አስቀምጬ መጣሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ ገና ስንወርድ ነገሩ አላማረኝም። የኛ ሰፈር ሴቶች ከበሩ እየወጡ መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገዋል። የሰፈራችን ዶናት ቤት ባለቤት ሲጋራውን ሳይለኩስ አፉ ላይ ይዞ፣ እኛን ሲያይ ዓይኑን መለሰ።

"ምን ሆነው ነው እነዚህ?" አለች ሚንግ ኮላፕ።

"እኔ እንጃ፣ ሚንግ።"

ገባን። መግቢያው አዳራሽ፣ ከትኬት መስኮቴ ፊት ለፊት፣ የዬይ ቫናሪ ፎቶ ቆሟል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ሰው የሚያህል፣ በጥቁር ክፈፍ። ክፈፉ ላይ ነጭ ሐር ተጥሏል። ግራና ቀኝ ነጭ አበባ ተከምሯል፣ ሻማ በርቷል። ፊት ለፊቱ ነጭ የለበሰ ጠረጴዛ፣ እንግዳ የሚፈርምበት መዝገብ፣ ፖስታ የሚገባበት ሣጥን። ከፎቶው በላይ ደግሞ በትልቁ፣ "ሁልጊዜ በልባችን" የሚል ጽሑፍ። በኛ ዘንድ ነጭ የሐዘን ቀለም ነው፤ ፎቶው፣ ጠረጴዛው፣ ሣጥኑ፣ ሁሉም ልክ የልቅሶ ቤት አቀማመጥ ነው። ምንም አልጎደለም። ጫማቸውን ያወለቁ አሮጊቶች ወለሉ ላይ ተደፍተው ግንባራቸውን ያስነካሉ፤ ሰው ተሰልፎ ሣጥኑ ውስጥ የልቅሶ ገንዘብ ይከታል።

ስልኬን አውጥቼ ዬይ ቫናሪ ጋ ደወልኩ፤ አይነሣም። እሳቸው ድሮም ስልካቸውን ቤት ጥለው ነው የሚወጡት፤ በዚያ ሰዓት ግን ይህ ትዝ የሚለው ሰው ማነው? ማርጎ ከቢሮዋ ብቅ አለች፤ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አየች፣ አፏን በእጇ ያዘችና እሷም ማልቀስ ጀመረች። መጥታ አቀፈችኝ። በቃ፣ እኔም አመንኩ። የተኮስነው ልብስ ከክንዴ ላይ መሬት ወረደ።

ሚንግ ኮላፕ ግን አላለቀሰችም፤ መጀመሪያ ደርቃ ቀረች። ቀስ ብላ ወደ ፎቶው ሄደች፣ አፍንጫዋ ክፈፉን እስኪነካ ተጠጋች። ከዚያ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደቀች።

"እህቴ! እህቴ ቫናሪ! አልንበረከክም ያለው ጉልበቴ ይሰበር፣ ይኸው ተንበርክኬልሻለሁ፤ ያን የተናገረ አፌ ይድረቅ! በጨርቅ ቁራጭ? በጨርቅ ቁራጭ ተጣልተን ትሄጃለሽ? ንገሪያት እያልኩ በሰው አፍ አነጋገርኩሽ፤ ዛሬ ማንን ልላክብሽ? እኔን ያስቀድመኝ አልኩ እንጂ አንቺን መቼ አልኩ?"

ሴቶቹ ይዘው ሊያነሷት ሞከሩ፣ አልቻሉም። በመሀል ዓይኗ ማርጎ ላይ ወደቀ። ዘልላ ተነሣች፤ በዚያ ዕድሜዋ እንዲያ መነሣቷን ሳይ ፈራሁ።

"አንቺ ነሽ!" አለቻት፣ ጣቷን እደረቷ ድረስ ዘርግታ። "በመሀላችን ገብተሽ ለያየሽን! እጄን ከሥራዬ፣ እኔን ከእህቴ! ደግሞ ፎቶዋን ሰቅለሽ ታለቅሻለሽ?"

ማርጎ ክመርኛ አትሰማም። ወደ እኔ ዞረች። "ምን እያለች ነው?"

"ተያት፣ ሐዘን ነው" አልኳት እንባዬን እየጠረግሁ።

"ሐዘን? ማን ሞቶ?"

ማርጎ አትቀልድም ነበር። ሰማያዊ ዓይኗን አፍጥጣ መልስ ትጠብቃለች። ልመልስላት አፌን ስከፍት የመንገዱ በር ተከፈተ፣ ዬይ ቫናሪ ገቡ።

በሁለት እጃቸው ትሪ ይዘዋል፤ ትሪው ላይ የተቀቀለ የአሳማ ጭንቅላት፣ በላስቲክ ተሸፍኖ እንፋሎቱ ይወጣል። ለመምህራን መናፍስት የሚቀርበው መሥዋዕት ነው፤ ለካ ሥጋ ቤቱ አዘግይቶባቸው እዚያ ቆመው ሲጠብቁ ነው ያረፈዱት። አንዲት ሴት እሪ አለች። ሌላዋ ጸሎት ጀመረች። እኛን ተከትሎ ገብቶ የነበረው የዶናት ቤቱ ባለቤት በባዶ እግሩ ወደ ውጭ ፈረጠጠ፤ ጫማውን የወሰደው በማግስቱ ነው።

ዬይ ቫናሪ ሕዝቡን አዩ፣ አበባውን አዩ፣ ፎቷቸውን አዩ። "ማነው የገደለኝ?" አሉ።

ቀልድ የመሰለው ቃል አፋቸው ላይ ሳለ ፊታቸው ተለወጠ፣ ትሪው አዘነበለ፤ ደርሼ ያዝኩት እንጂ መሬት ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። የራሱን ልቅሶ ያየ ሰው አይደነግጥም የሚል ካለ ይሞክረው። በኛ እምነት ሰው አሥራ ዘጠኝ ነፍሳት አሉት፣ ሲደነግጥም ጥለውት ይበተናሉ። የሳቸው ሲበተኑ በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ።

ሚንግ ኮላፕ ቆማ ታያቸዋለች። "አለሽ?" አለች በቀጭን ድምፅ።

"አለሁ መሰለኝ።"

"ታዲያ ሰው ስታስለቅሺ..." አላስጨረሳትም፤ ሣቅና ልቅሶ አንድ ላይ አነቃት።

በዚህ መሀል እኔ ለማርጎ ነገሩን አስረድቻት ነበር። ነጭ አበባው፣ ሐሩ፣ ፎቶው ምን ማለት እንደሆነ ስነግራት ከሐሩ የባሰ ነጣች። "አክብሮት መስሎኝ! ልባቸው ተነክቶ የሚያለቅሱ መስሎኝ! ሃያ ዓመት... የሠርግ አበባ የሚሸጠው ሰው ነው የመረጠልኝ!" እያለች ሐሩን ለማውረድ ትታገላለች። ሕዝቡ ግን አሁን ከድንጋጤው ወጥቶ ወደ ንዴቱ ገብቷል። አንድ ሽማግሌ በትሩን ወለሉ ላይ መታ። "ሃያ ዓመት አብረውን በልተው ነጭ ምን እንደሆነ አያውቁም! ልጆቻችንን ይዘን እንውጣ፣ ሌላ ቤት አይጠፋም!"

"እንውጣ!" አለች ሚንግ ኮላፕም ድፍረት አግኝታ። "ስፌቴንም ያስቀረችው እሷው ናት! ወይ ዛሬ ልጆቹን እኔ እሰፋለሁ፣ ወይ ከዚህ ቤት ጋር ያለን ነገር ዛሬ ያበቃል። ንገሪያት!"

ነገርኳት። ማርጎ ግንባሯን ቋጠረች። "የቱን ስፌት? እኔ ስፌት አስቀርቼ አላውቅም። ቬልክሮ ያመጡት ዬይ ቫናሪ ናቸው። እኔማ ስፌቱን እንግዳ ሁሉ እንዲያየው እፈልግ ነበር።"

ይህን ወደ ክመርኛ መለስኩት። ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ወደተቀመጡት ዬይ ቫናሪ ዞረ።

"ዋሽተሻል?" አለች ሚንግ ኮላፕ።

"ዋሽቻለሁ።"

"ለምን?"

ዬይ ቫናሪ መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። "ይህን ነገር ይዤው ልሞት ነበር ያሰብኩት። ግን ዛሬ ሞቼ አየሁት፤ አንቺ ደግሞ የኔን ውሸት ታቅፈሽ አስከሬኔ ላይ ታለቅሺያለሽ። እንዲህ ከሆነ መሞትም አይረባኝም።" ዓይናቸውን ወደ ደረጃው አነሡ። እዚያ ዋናዋ ዳንሰኛችን ማሊስ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ፀጉሯን ተሠርታ በጂንስ ሱሪዋ ቆማለች። "ባለፈው ዓመት ትርኢት ላይ ማሊስን ከነቆዳዋ ሰፍተሻታል። ጎኗን፣ እዚህ ጋ፣ ከልብሱ ጋር። ልጅቷ እንደዚያው ወጥታ ጨፈረች። ስትጨርስ ክሩን ለአንቺ አላስነካ ብላ ወደ እኔ መጣች፤ ሽንት ቤት ውስጥ ቆልፌ እኔ ነኝ የተረተርኩት። ልብሱ ቀይ ከፋይ ስለነበር ደሙን ማንም አላየ። ኮላፕ፣ ዓይንሽ ሄዷል። ዓይንሽ ሄዷል ብዬ በልጆቹ ፊት ልነግርሽ ነበር? ቲያትር ቤቱን ብትጠይ ይሻላል አልኩ።"

እኔ ይህን ለማርጎ አልተረጎምኩላትም።

"ውሸት ነው" አለች ሚንግ ኮላፕ። "ማሊስ ልጄ፣ ውሸት ነው በያቸው።"

ማሊስ አንገቷን ደፋች።

ሚንግ ኮላፕ ደረጃውን በእጇ እየዳበሰች ወጣች። ስትዳብስ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ለካ ስንት ጊዜ ስትዳብስ አይቻለሁ፣ ልብ አላልኩም። ልጅቷ ጋ ስትደርስ እጇን ከሸሚዟ ሥር አስገባች፣ ከብብቷ ዝቅ ብሎ በጣቷ ጫፍ ፈለገች። አገኘችው። ጣቷ ጠባሳዎቹን እያለፈ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ቀጥ ያለ ነው" አለች ለራሷ። "እኩል እኩል ነው። የኔ ስፌት ነው።"

እጇን ሳታነሣ ወደ ማሊስ ቀና አለች።

"ለምን አልጮኽሽም?"

"በዳንስ ላይ ፊት አይለወጥም ብላችሁ አስተማራችሁን" አለች ማሊስ። "ደግሞ አንቺ እንዳታዝኚ።"

ሚንግ ኮላፕ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የሷ ነፍሳትም እንደተበተኑ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። የቲያትር ቤቱ ሰዎች ሰዓታቸውን እያዩ ይቁነጠነጣሉ፤ ማርጎ በእጇ ዝም አሰኘቻቸው። ከዚያ ሚንግ ኮላፕ ከቦርሳዋ የጥጥ ክር ጥቅል አወጣች፣ ወረደች፣ ዬይ ቫናሪ አጠገብ ተቀመጠች። ለደነገጠ ሰው የሚደረገው ይህ ነው፤ ነፍሶቹን እየጠሩ የእጁን አንጓ በክር ማሰር።

"ኑ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ" እያለች አሰረቻቸው። "ከመንገድ ኑ፣ ከሥጋ ቤት ኑ፣ ከዚያ ከክፉ ፎቶ ውስጥ ውጡና ኑ።"

"የአንቺስ?" አሉ ዬይ ቫናሪ፣ ክሩን ተቀብለው የሷን አንጓ እያሰሩ። "የአንቺም ሄደዋል። ኑ፣ የዚህች የግትር ሴት ነፍሳት፣ ኑ።" አስረው ሲጨርሱ ቀና አሉና ማርጎን ጠሩ። "ነይ አንቺም። ከሁላችን የባሰ የነጣሽው አንቺ ነሽ።" ማርጎ ጫማዋን አውልቃ ተንበረከከች፤ እጇን ስትዘረጋ በትሩን የመታው ሽማግሌ ራሱ ክር ቆርጦ አቀበላቸው። እንውጣ የሚል ሰው ዳግመኛ አልሰማሁም።

መጋረጃው ዘግይቶም ቢሆን ተከፈተ። ከዚያ በፊት ግን መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ቬልክሮውን ማሊስ ላይ የለጠፈችው ሚንግ ኮላፕ ናት፤ ማንም አላዘዛት። በመዳፏ እየተጫነች፣ ከብብት እስከ ዳሌ ዘጋችው።

"ያምሻል?"

"አያምም፣ ሚንግ።"

ሚንግ ኮላፕ እጇን አነሣች። እኛም በር ላይ የቆምነው የድሮ ዳንሰኞች እርስ በርሳችን ተያየን፤ በዚያ መርፌ ያልተወጋች አንዲትም አልነበረችም፣ "አያምም" ያላለችም አልነበረችም። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

"እስቲ አሁን እውነቱን ንገሪኝ" አለች ሚንግ ኮላፕ።

ማሊስ ዬይ ቫናሪን አየች፣ እኛን አየች።

"እዚህ ጋ ትንሽ ያጠብቀኛል" አለች።

ሚንግ ኮላፕ ጭርር አድርጋ አላቀቀችውና እንደገና ለጠፈችው።